ኤግዚቢት የሆነው ወገብ

የያዙኝ ሦስተኛው ፔሬድ ላይ ነው፤ ባዮሎጂ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩን ገፋ አድርጎ ስሜን ጠራ። ከኋላው ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ደብተሬን ልዝጋው ወይስ እንደተከፈተ ልተወው እያልኩ ትንሽ ዘገየሁ። መምህራችን ጠመኔውን እንደያዘ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ቆመ፤ እስክወጣ ድረስ አንድ ፊደል አልጨመረም። አልተቀየምኩትም።

ጥፋቴ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ያነበብኩት ጽሑፍ ነው፤ ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ከክፍል እየወጣን አስፋልት ዳር የምንሰለፈው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። መልስ አልሰጠሁም፣ መጠየቅ ብቻ ነው የጠየቅኩት። በሰው ፊት ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፌ ነበር። ሳነብ ሜዳው ላይ ያለው ልጅ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲሰማኝ ስላየሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሲይዙኝም ደስታው ገና ከውስጤ አልወጣም ነበር።

ጣቢያው የቱ እንደሆነ አልጽፍም፤ የማንንም ስም አልጽፍም። ዲላ ውስጥ ነው፣ ይበቃል። የሴቶቹ ክፍል ከግቢው ጀርባ ናት። ድሮ ዕቃ ቤት ነበረች ይላሉ፤ የጆንያ ሽታ እስካሁን ከግድግዳው አልለቀቀም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ደብተር የምታክል አንዲት መስኮት አለች። በሩ ተከፍቶ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን እግር ነው። አንዲት ሴትዮ በጀርባዋ ተንጋልላ ሁለት እግሮቿን የውሃ ጀሪካን ላይ ሰቅላለች።

«ጫማህን እዚያ አውልቅና ግባ» አለች ሳትነሳ። «ቀኝ እግሬን ብትረግጠው አይሰማኝም። ግን እንዳትለምደው።»

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ወንድ ተከትሎኝ የገባ መስሎኝ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ሳቁ። በኋላ እንደገባኝ ሴትዮዋ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነበር የምትለው። ቤቷ የምትናገረው ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛን የተማረችው ገበያና ስብሰባ ላይ ነው። እኔንም፣ ጥበቃዎቹንም፣ የምርመራ ኃላፊውንም «አንተ» ትላለች። ኃላፊው አማርኛዋ ይሁን ንቀቷ መለየት እያቃተው ብዙ ጊዜ አፉን ሊከፍት ብሎ ሲተወው አይቻለሁ።

እዚያ ቤት በስም አንጠራራም ነበር፣ በመጣንበት ነው። እሷ «የወርቃዋ» ናት፣ ከገደብ ወረዳ፣ ወርቃ ከምትባል ከተማ። እኔ ወዲያው «ተማሪዋ» ሆንኩ። የቤቱ ተጠሪ ደግሞ «የሱቋ» ትባላለች፤ ከጉራጌ አገር መጥተው ከተማችን ውስጥ ሱቅ ከከፈቱት ቤተሰቦች ናት። ሱቅ ሁሉ በተዘጋበት አንድ ቀን እሷም ዘግታ በመዋሏ ነው የያዟት። ስንቅ የምታካፍል፣ የመተኛ ቦታ የምትደለድል፣ ሁለት ሰው ሲነታረክ መሐል የምትገባ እሷ ናት። ከእነሱ ሌላ ሦስት ሴቶች ነበሩ። ከእኔ ጋር ስድስት ሆንን።

የወርቃዋ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛ ናት። ታጥቦ የወጣው ቡና ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አጎንብሳ የተሰበረውንና የጠቆረውን ትለቅማለች። የታሰረችው ግን በወገቧ አይደለም፣ በአፏ ነው። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ «ጥያቄ ያለው?» ሲል እጇን አወጣች፤ «ባለፈው ወር የወሰዳችኋቸው ልጆች የት ናቸው?» አለች። እኔም የራሴን ስነግራት፣ አንተ በወረቀት እኔ በአፌ፣ ሁለታችንም ለጠየቅነው መልሱ ይኼው ነው አለችኝ፤ ጣሪያውን እያሳየችኝ።

ወገቧ የቆየ ሕመም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግራ እግሯን ከዳሌዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሲያቃጥላት ሐዋሳ ወስደው ኤምአርአይ አነሷት። ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል ተባለች። መድኃኒት ወሰደች፣ የታዘዘላትን እንቅስቃሴ ሠራች፣ ዳነች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከታሰረች በኋላ ሲሚንቶው ላይ አሥር ቀን ስትተኛ እንደገና ጀመራት፤ አሁን ግን በቀኝ በኩል ነው። እኔ ስደርስ ቃጠሎው እየቀነሰ ነበር። እኛ ተሻላት ብለን ደስ አለን። እሷ አልተደሰተችም። ሽንት ቤት ስትሄድ የቀኝ እግሯ ነጠላ ጫማ ከኋላ ወልቆ ይቀራል፤ እሷ አታውቅም፣ በባዶ እግሯ ጭቃውን ረግጣ ትሄዳለች። የሱቋ ጫማውን አንስታ ትከተላታለች። አንድ ቀን የሱቋ ጫማውን ስታጠልቅላት፣ «ሕመሙ አልሄደም፤ የሄደው እግሬ ነው» አለቻት።

ሐኪም ቤት ውሰዷት ብለን አንድ ሳምንት ጮህን። በስምንተኛው ቀን አንዲት ሴት ፖሊስ መጣች። የወርቃዋ ብቻዋን መራመድ ስላልቻለች ፖሊሷ ግራ ገባት፤ እኔ መሣሪያ ይዣለሁ፣ ማን ይደግፍልኝ አለች። የሱቋ ቶሎ ብላ እኔን ወደ በሩ ገፋችኝ። ፖሊሷ የእኔን ግራ እጅና የወርቃዋን ቀኝ እጅ በአንድ ካቴና አሰረችና ሦስታችንም ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተን ገባን። ከታሰርኩ ወዲህ ከተማዋን ያየሁት ያኔ ነው። ከጪጩ በኩል የሚመጡ ሰዎች አረንጓዴ ሙዝ ተሸክመው ያልፋሉ፤ አንድ የክፍሌ ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ አየኝና እጁን አነሳ። እኔም ባልታሰረው እጄ መለስኩለት።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። መጀመሪያ ካቴናው ይፈታ አለ። ፖሊሷ ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው ብላ ተቆጣች፤ በማን እንደተቆጣች አላውቅም። ስለዚህ ምርመራው ለሁለታችን ሆነ። የወርቃዋ አልጋው ላይ ስትወጣ እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ጉልበቷን በመዶሻ ሲመታ፣ መዳፏን ከመዳፌ ጋር አጣብቃ ጠበቀች። በመርፌ ጫፍ ባቷን እየነካ «ይሰማሻል?» ይላል። ግራውን «አዎ» ትላለች። ቀኙን ገና ያልጀመረ መስሏት ትጠብቃለች። ከዚያ በተረከዝሽ ሂጂ አላት። ስንሄድ እኔም በተረከዜ እየሄድኩ እንደሆነ ያወቅኩት ሐኪሙ ሲስቅ ነው። የወርቃዋ ግን የቀኝ እግሯ ጣቶች ከወለሉ አልተነሱም። ሐኪሙ ሳቁን አቆመ።

የድሮውን ፊልም ጠየቃት። ፖሊስ ጋ ነው አለችው። ፖሊስ ጋ ምን ይሠራል ሲላት ታስሮ ነው አለችው። የምትቀልድ መስሎት ወደ ፖሊሷ አየ፤ ፖሊሷ ወደ መስኮቱ አየች።

ከዚያ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና በቀስታ አስረዳት። ከሁለት ዓመት በፊት የተነሳው ያኔ የነበረውን ነው የሚያሳየው። አሁን ሕመሙ በሌላ በኩል ነው፣ እግሩም እየደከመ ነው። በዚያ ፊልም ላይ ተመሥርቶ መርፌ አይወጋም፣ ኦፕራሲዮንም አያስብም። አዲስ ኤምአርአይ በአስቸኳይ ያስፈልጋል፣ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይታያል፣ ሕክምናው ከዚያ በኋላ ይወሰናል። ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ደግሞ ሰዓት ሳይጠብቁ ያምጧት። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ነው የተናገረው፣ አንዴ ለእሷ፣ አንዴ ለፖሊሷ።

«ካልተነሳሁስ?» አለችው።

«እግርሽ እንዲሁ ይቀራል» አላት።

የሪፈር ወረቀቱን ይዘን በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባን። ቁልፉ ኃላፊው ጋ ስለሆነ፣ እኔም ከወርቃዋ ጋር እንደታሰርኩ ገባሁ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ከኋላው ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቶ አንድ ትልቅ ቡኒ ፖስታ አወጣ። ቁጥር ተለጥፎበታል። የወርቃዋ ቤት ሲፈተሽ «ማንኛውም ሰነድ» ተብሎ ከመዝሙር ደብተሯና ከልጆቿ የትምህርት ካርድ ጋር የተወሰደ ነው። መዝገቡን አገላብጦ ጮክ ብሎ አነበበልን፤ «አንድ ትልቅ ጥቁር ፎቶ፣ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር» ይላል። ፈታሾቹ ምንነቱን ስላላወቁት ከሁሉም ዕቃ ይልቅ የጠረጠሩት እሱን ነው።

ፊልሙን አወጣና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋው። ዘቅዝቆ ነው የያዘው።

«እናቴ፣ ይኸው ፊልም አለሽ» አላት። «አንድ ሰው ስንት ወገብ አለው?»

«አንድ ነው» አለችው። «ግን ያኔ የነበረበት ቦታ ቆሞ አልጠበቀኝም።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። እንግዲያው ይህንን ይዛ ወደ ሐኪሙ ትሂድ አልኩት። ኤግዚቢት ከጣቢያ አይወጣም አለኝ። ታዲያ አዲስ ትነሳ አልኩ። ያለው እያለ ለአዲስ መኪናና አጃቢ አይመደብም አለ። ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ፊልሙ ስላለ አዲስ አይነሳም፤ ፊልሙ ስለተያዘ ደግሞ እንደሌለ ነው። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ምንም አልቆረቆረውም።

መፍትሔ ግን ነበረው። ጣቢያው የሚያውቀው አንድ ክሊኒክ አለ። ከፊልሙ ጋር ያለውን የድሮ ሪፖርት አይተው ነገ ጠዋት ወገቧ ላይ መርፌ ይወጉላታል፣ ያርፍላታል፣ ሁሉም ሰላም ይሆናል። የወርቃዋ እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛውን ተደግፋ ነበር የቆመችው። ቀና አለች።

«ወረቀቱ ግራ ነው የሚለው። የደነዘዘው ቀኜ ነው።»

«እሱን ባለሙያዎቹ ያውቁታል።»

«መርፌውን የምትወጋው የያኔዋን ሴትዮ ነው» አለችው። «እሷ ድናለች።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከመሳቢያው አንድ ፎርም አወጣና እንግዲያው እዚህ ላይ ፈርሚ አላት፤ ሌላ አስጨናቂ ነገር የለውም፣ ለመዝገብ ያህል ነው አለ። የወርቃዋ መፈረም ትችላለች፣ የታተመ ማንበብ ግን ያደክማታል። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። አነበብኩት። «ሕክምና ቀርቦልኝ በራሴ ፈቃድ አልቀበልም ብያለሁ» ይላል። ከሥሩ የፊርማ ቦታ፣ ከእሱም በታች አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ አለ።

ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ኃላፊው አንቺን ማን ጠየቀሽ አለኝ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን እጄ እዚሁ ነው ያለው አልኩት፤ ካቴናውን ከፍ አድርጌ። የወርቃዋ እጅም አብሮ ከፍ አለ። በሩ ላይ የቆመችው ፖሊስ ሳቋን በሳል ደበቀችው።

አንድ ነገር ግን ታየኝ፤ ያ ባዶ ቦታ። ሕግ አላውቅም፣ ነገር ግን ባዶ ቦታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የወርቃዋን በጆሮዋ ምን ልጻፍልሽ አልኳት። ነገረችኝ። ኃላፊው ያስቀመጠውን እስክሪብቶ አንስቼ በቀኝ እጄ ጻፍኩ፤

«ሕክምና እፈልጋለሁ። የምፈልገው ሐኪሙ ዛሬ ያዘዘውን ነው። አዲስ ፊልም ሳልነሳ በአሮጌው አልታከምም። አሮጌው ፊልሜም ጣቢያው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።»

መጨረሻው ላይ «በትሕትና እለምናለሁ» ልጨምር ስል እጄን ያዘችኝ። እኛ ማመልከቻ መጻፍ ስንማር እንደዚያ ነው የተማርነው አልኳት። «አልለምንም» አለች፣ «እየነገርኩት ነው።» ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ፈረመች። ቀኝ እጇ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ የእኔ ግራ እጅም አብሮ ሄደ፤ አንድ ፊርማ ለሁለት የፈረምን መሰለኝ።

ኃላፊው ፎርም አበላሻችሁ አለ። ሌላ ለማውጣት መሳቢያውን ሳበ፣ አገላበጠ፣ ሌላ የለም። ፎርሙን እንዳለ ፋይሉ ውስጥ ከተተውና ቁልፉን ለፖሊሷ ወረወረላት።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ሁሉን ነገር ከነድምፁ አሳየኋቸው፤ ኃላፊውን ሆንኩ፣ ሐኪሙን ሆንኩ፣ ስሄድ በተረከዜ ሄድኩ። የሱቋ እስክታለቅስ ሳቀች። የወርቃዋ ጀሪካኑ ላይ እግሯን ሰቅላ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠኛለች። ስጨርስ ግን የሱቋን ጠጋ በል አለቻትና ውስጥ እግሬን ቆንጥጠው አለቻት። የሱቋ ቆነጠጠች። ትናንት እዚህ ጋ ይሰማኝ ነበር አለች የወርቃዋ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ቀጠሯችን ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ስድስታችንንም በአንድ ላይ ፍርድ ቤት አቀረቡን። ችሎቱ ጠባብ ነው፤ ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ፣ ፋይል ሲያገላብጡ ጣታቸውን በእርጥብ ስፖንጅ የሚነኩ ሴት ናቸው። መርማሪው እንደተለመደው ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ጠየቀ። የታሠሩት ቅሬታ አላቸው ወይ ሲባል የወርቃዋ እጇን አወጣች። መርማሪው ቀድሞ ተነሳ፤ ሕክምና ቀርቦላታል፣ አልቀበልም ብላ ፈርማለች፣ ማስረጃው ተያይዟል አለ።

ዳኛዋ ፎርሙን አወጡ። የታተመውን አነበቡ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ፣ እዚያ ቆየ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

ቆምኩ። የሱቋ ከኋላ ቀሚሴን ይዛኛለች።

«እኔ ነኝ። የነገረችኝን ነው የጻፍኩት።»

ዳኛዋ የኤግዚቢቱን ዝርዝር አገላበጡ። ተራ ቁጥር አራት፣ ትልቅ ጥቁር ፎቶ የሚለው የምን ፎቶ ነው ብለው መርማሪውን ጠየቁት። መርማሪው ፋይሉን አየ፣ ጓደኛውን አየ፣ በማጣራት ላይ ነን አለ።

«ወገቤ ነው» አለች የወርቃዋ ከተቀመጠችበት።

ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ፣ ግን እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ጎንበስ ብለው ቆዩ። የወርቃዋ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች፣ አግዳሚውን ይዛ ተነሳች፣ ፖሊሷ ልትደግፋት ስትመጣ በእጇ ከለከለቻት።

«አንተ ዳኛ» አለች። «የጠየቅሁትን ጥያቄ ፖሊስ ያጣራው ብትል ይገባኛል። ወገቤን ግን ሐኪም ያጣራው። እግሬ በየቀኑ እየሄደ ነው። ቀጠሮ አይጠብቅም።»

ዳኛዋ «አንተ» መባላቸውን አላረሙም። ትእዛዙን ለጸሐፊዋ ቃል በቃል አስጻፉ፤ ፊልሙ ዛሬውኑ ለባለቤቱ ይመለስ፣ ሐኪሙ ያዘዘው አዲስ ምርመራ በሁለት ቀን ውስጥ ይደረግ፣ ሪፖርቱ ለችሎቱ ይቅረብ። ከዚያ ለሁላችንም ሰባት ቀን ጨመሩብን። ሰባት ቀን ተጨምሮበት እየዘፈነ የተመለሰ እስረኛ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሐዋሳ የወሰዷት በማግስቱ ጠዋት ነው። እኔን አላስከተሉኝም። የዚያ ቀን ያህል ረጅም ቀን አላየሁም። የሱቋ የወርቃዋን የመተኛ ቦታ ሁለት ጊዜ ጠረገችው፣ ሦስተኛ ጊዜ ልትጠርገው ስትል መጥረጊያውን ቀማኋት። ሦስቱ ሴቶች በጌዴኦኛ መዝሙር ዘመሩ፤ የሱቋ ጥግ ላይ ሰገደች። እኔ መቼ እንደሚመለሱ ለመገመት በሰዓትና በኪሎ ሜትር ስሌት ሠራሁ፣ ሁሌ የተሳሳተ መልስ ይወጣል።

ሳይመሽ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር፣ በሩ ተከፈተ። የወርቃዋ ሁለት ፖስታ ታቅፋለች፣ ያረጀውንና አዲሱን። ፖሊሷ ከኋላ ጫማዋን ይዛላታለች። አስተኝተናት ስታርፍ ነገረችን። ማሽኑ እንደ ቡና መፈልፈያ ይጮኻል፤ ግን የሚያስተኙበት ነገር ፍራሽ ስለነበረው በሦስት ሳምንት የመጀመሪያዋን እንቅልፍ የተኛችው እዚያ ውስጥ ነው። አትንቀሳቀሺ ስላሏት ደስ ብሏት አልተንቀሳቀሰችም።

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ያዩት ሐኪም ነግረዋታል። የድሮው ቦታ ራሱን ሰብስቧል፤ ያኔ የተጫነው አሁን የለም። አዲሱ ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል ነው፤ የዲስኩ ቁራጭ ተሰብሮ ነርቩ ላይ ተቀምጧል። መርፌ የትም አያደርሰውም ነበር። በቶሎ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት፣ ቀን ቆርጠውላታል። የሱቋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ግን ኃላፊው ሊልካት ስለነበረው ክሊኒክ ነው ያሰብኩት፤ ያ መርፌ ሰላም በሆነ ቦታ ላይ ገብቶ ሁሉም ሰው ታከመች ብሎ ሊረሳት እንደነበር።

ብዙ ሳይቆይ ኃላፊው ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እንኳን ደህና ገባሽ አላትና እጁን ዘረጋ፤ አዲሱ ፊልም ይመዝገብ፣ ፋይሉ እንዳይጎድል አለ። የሚያስቀው፣ እውነትም ለፋይሉ ነበር የተጨነቀው። ትእዛዙ የሚለው የድሮውን ስለመመለስ ነው፣ ስለ አዲሱ የሚል ነገር የለም አለ።

የወርቃዋ ሁለቱን ፖስታዎች ከጎኗ አነሳች፣ ከምንጣፏ ሥር ከተተቻቸው፣ ቀስ ብላ ጀርባዋን ላያቸው ላይ አሳረፈች። ሙሉ ለሙሉ ለመተኛት ጊዜ ወሰደባት። ከንፈሯን ነክሳለች። ሲያበቃ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች።

«ተነሽ» አላት።

«ሐኪም እንዳልነሳ አዞኛል።»

እኔ መጀመሪያ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሱቋ መጣች። ከዚያ ሦስቱም። ማንም ማንንም አልጠራም። ምንጣፉን ዙሪያውን ከበን፣ ጉልበታችንን አቅፈን፣ ጀርባችንን ለበሩ ሰጠን። ኃላፊው መዝገቡን እንደያዘ ቆሞ ነበር፤ የወረቀቱ ድምፅ ይሰማኛል።

«ጌታው» አለች የሱቋ ሳትዞር፣ «ሴት ከተኛችበት ምንጣፍ ሥር ልትገባ ነው?»

ከዚያ በሩ ተዘጋ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

እኔ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተመክሬ ተለቀቅኩ፤ ምክሩን አሁን አላስታውሰውም። የወርቃዋ ከእኔ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆይታ ወጣች፣ በሳምንቱ ኦፕራሲዮን ሆነች። አሁን ዓመት አልፎታል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ ውጤት እየጠበቅኩ ነው፣ ሌት ተቀን እጽፋለሁ። ስለ እስር ቤት ጻፍኩ ስላቸው ሰዎች ድብደባ ነበር ወይ ይሉኛል። እኔን የመታኝ አልነበረም። ያየሁት የዛሬ ሕመሟን በትናንት ወረቀት እንዲያክሙላት ያልፈቀደች ሴት ነው። ትልቅ ነገር የማይመስለው ካለ ተራ ቁጥር ተለጥፎበት ቁም ሣጥን ውስጥ ይደር።

ባለፈው የቡና ወቅት ወርቃ ሄጄ አየኋት። ሁለት ጣቶቿ አሁንም አይሰሟትም፤ ይሄን ያህልማ ይሂድ ትላለች። ቡናውን የምትለቅመው ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። በርጩማው እንዴት እንደመጣ ስጠይቃት፣ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ እንደሆነ ነገረችኝ። አሁን ሌሎች አራት ሴቶችም አላቸው።

ስመለስ መኪና እስከማገኝበት መንገድ ድረስ ተከተለችኝ። ከቤቷ እስከዚያ ዳገት ነው፣ መሬቱም ያዳልጣል። ክንዷን ልይዝ ስዘረጋ እጄን በቀስታ መለሰችው፣ አልፋኝም ከፊት መራመድ ጀመረች።

«ተው እንጂ» አለች። «እኔ ነኝ ዛሬ የምሸኝህ።»